ማግኔት በሐኪም እጅ፤ ነቀርሳን ስለሚያሞቁና አጥንትን ስለሚያግዙ የብረት ብናኞች ታሪካዊ ጥናት

በ1624 በስዊስ አገር በበርን ከተማ አንድ ሰው የብረት ስንጣሪ ዓይኑ ላይ ተሰክቶበት ቪልሄልም ፋብሪ ወደሚባሉ ስመ ጥር ቀዳጅ ሐኪም ዘንድ መጣ። ሐኪሙ በያዙት መሣሪያ ሁሉ ቢሞክሩ ስንጣሪውን ሊያወጡት አልቻሉም። ባለቤታቸው ማሪ ኮሊኔ እርሳቸውም በሕክምናና በአዋላጅነት የታወቁ ሴት ነበሩና አንድ ዘዴ አመለከቱ። ሐኪሙ የበሽተኛውን ዓይን በጣቶቻቸው ገልጠው ሲይዙ፥ እርሳቸው የማግኔት ድንጋይ ወደ ዓይኑ አስጠጉ፤ ጥቂት ጊዜም ከደጋገሙ በኋላ ብረቱ ከዓይኑ ወጥቶ ከድንጋዩ ላይ ተለጠፈ። ፋብሪ ይህን ሲጽፉ ዘዴው የባለቤታቸው እንጂ የእርሳቸው አለመሆኑን ሳይደብቁ ገልጸዋል።

ይህን ታሪክ ያስቀደምነው ለጨዋታ ማሳመሪያ ብለን አይደለም። ማግኔት ከሌላው የሐኪም መሣሪያ ሁሉ የሚለይበትን ጠባይ ስለሚያሳይ ነው፤ ይኸውም ከውጭ ሆኖ፥ ሥጋን ሳይቈርጥ፥ ከውስጥ ያለውን ብረት ማዘዝ መቻሉ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይኸው ጠባይ ከዓይን ስንጣሪ ተነሥቶ ነቀርሳን በሙቀት እስከ መግደልና የተጐዳ አጥንትን እስከ ማገዝ እንዴት እንደ ደረሰ፥ በመንገዱም ላይ ምን እንዳዘገየው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

አስቀድመን ስለ ብናኞቹ ጥቂት እንናገር። የሚሠሩት ከብረትና ከኦክሲጅን ውሕድ ነው። አንደኛው ማግኔታይት የሚባለው፥ ማለት ያው የጥንቱ ጥቁር የማግኔት ድንጋይ ሲሆን፥ ሁለተኛው ማግሄማይት የሚባለው ቡናማ ዘመዱ ነው፤ ሁለቱም የዝገት የአጎት ልጆች ናቸው ብንል እጅግ አልተሳሳትንም። አዲሱ ነገር መጠናቸው ነው። አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ቢከፈል አንዱ ክፋይ ናኖሜትር ይባላል፤ ብናኞቹም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ናኖሜትር ስፋት አላቸው። አንዲት ቀይ የደም ሴል ግን ወደ 7,000 ናኖሜትር ትሰፋለች። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን የብረት ፍቅፋቂ በወረቀት ላይ ነስንሰው ከሥሩ ማግኔት ሲያዞሩ፥ ፍቅፋቂው ነፋስ እንደሚመታው ሣር ሲነሣና ሲተኛ አይተን የተደነቅነው ዛሬም ትዝ ይለናል። እዚህ የምንናገርለት ብናኝ ከዚያ ፍቅፋቂ በብዙ ሺህ እጅ ያነሰ ነው።

በመካከሉ ማግኔት በሐኪሞች ዘንድ ስሙ የጠፋበት ዘመን ነበር። በ1770ዎቹ ዓመታት ፍራንዝ ሜስመር የተባሉ ሐኪም በመጀመሪያ በቪየና፥ ኋላም በፓሪስ፥ በሰው አካል ውስጥ የሚፈስ ማግኔታዊ ኃይል አለ እያሉ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ነበር። በ1784 የፈረንሳይ ንጉሥ ያቋቋመው ጉባኤ፥ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ኬሚስቱ ላቮዋዚዬ ያሉበት ሆኖ፥ ጕዳዩን በፈተና መርምሮ እንዲህ ያለ ኃይል ለመኖሩ ምንም ማስረጃ እንዳልተገኘ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ማግኔት ይዞ ወደ በሽተኛ የሚቀርብ ሰው በጥርጣሬ ቢታይ የሚያስገርም አይደለም።

ሁለተኛው የታሪካችን ሥር ሙቀት ነው። በጋለ ብረት መተኮስ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ፥ በእኛም አገር ጭምር፥ የቆየ ሕክምና ነው፤ ነገር ግን ያ የሚያቃጥል እሳት እንጂ የሚያሞቅ አይደለም። መጠነኛ ሙቀት ነቀርሳን ሊጐዳ ይችላል የሚለው አሳብ የመጣው ከትኩሳት ነው። በ1866 ቡሽ የተባሉት የጀርመን ሐኪም ፊቷ ላይ እባጭ የነበረባት ሴት ኤሪሲፔላስ በሚባለው ቆዳን በሚያቀላ በሽታ ተይዛ ኀይለኛ ትኩሳት ካደረባት በኋላ እባጩ መጥፋቱን ጻፉ። በ1891 ደግሞ በኒው ዮርክ ዊልያም ኮሊ የተባሉት ቀዳጅ ሐኪም የአጥንት ነቀርሳ የነበረባት ወጣት በሽተኛቸው ሞታባቸው እጅግ ስላዘኑ፥ የቀድሞ መዛግብትን አገላብጠው ይህንኑ ዐይነት ነገር አገኙ፤ ስለዚህም ሆን ብለው ለበሽተኞች የኤሪሲፔላስን ጀርም እየወጉ ትኩሳት ማስነሣት ጀመሩ። አንዳንዶቹ ዳኑ፥ አንዳንዶቹ በትኩሳቱ ሞቱ። ዛሬ ሊቃውንቱ የኮሊን ሥራ ከሙቀት ይልቅ አካል በሽታን ከሚከላከልበት ኃይል ጋራ ያያይዙታል። ቢሆንም በኋላ ጊዜ በቤተ ሙከራ እንደ ተረጋገጠው፥ ከ42 እስከ 45 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ለረዥም ጊዜ ሲያገኘው የነቀርሳ ሴል ይጐዳል፤ ለጨረር ሕክምናም ይበልጥ ይጋለጣል። ችግሩ ጤነኛውም ሥጋ አብሮ መሞቁ ነበር። ሰውን ሁሉ ሳያሞቁ እባጩን ብቻ የሚያሞቁት በምን ዘዴ ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሞከሩት በቺካጎ ከተማ የነበሩት ቀዳጅ ሐኪም ጊልክሪስት ናቸው። እርሳቸው ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የትልቁ አንጀት ነቀርሳ ወደ ሊምፍ ዕጢዎች የሚዛመትበትን መንገድ ሲያጠኑ የቆዩ ሰው ነበሩ። ቀዳጅ ሐኪም የታመመውን አንጀት ቈርጦ ያወጣል፤ በዙሪያው ያሉትን ዕጢዎችም የቻለውን ያህል ይለቅማል፤ ነገር ግን በእጅ ሲዳሰስ ጤነኛ የሚመስል አንድ ትንሽ ዕጢ ጥቂት የነቀርሳ ሴሎች ደብቆ ይቀርና ከጥቂት ዓመት በኋላ በሽታው ይመለሳል። እንግዲህ የጊልክሪስት ትግል ከማይታይ ጠላት ጋራ ነበር።

በ1957 ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው አናልስ ኦፍ ሰርጀሪ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ የዚህ ሁሉ ታሪክ መነሻ ነው። ከ20 እስከ 100 ናኖሜትር የሚሆን የብረት ኦክሳይድ ብናኝ በፈሳሽ በጥብጠው በውሾች አንጀት ግድግዳ ውስጥ ወጉ። የሊምፉ ፈሳሽም የነቀርሳን ሴል እንደሚወስድ ሁሉ ብናኙን እየጠረገ ወደ ዕጢዎቹ ወሰደው፤ ዕጢዎቹም እንደ ወንፊት ያዙት። ከዚህ በኋላ እንስሳው በኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅል ውስጥ እንዲሆን ተደርጎ፥ በሰከንድ 1.2 ሚሊዮን ጊዜ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ የማግኔት መስክ ተለቀቀበት። ብረት የያዙት ዕጢዎች ሞቁ፤ በአጠገባቸው ያለው ሥጋ ግን ያን ያህል አልሞቀም።

በእኛ አስተያየት የዚህ ሥራ ትልቅነት በማሽኑ ላይ አይደለም። ነቀርሳው የሄደበትን መንገድ ብረቱም እንዲሄድበት ማድረጋቸው ነው። ጠላት የሚያልፍበትን በር የሚያውቅ ሰው በዚያው በር ያደፍጣል፤ ጊልክሪስት ያን በር ለማወቅ ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። ይህን እዚህ የምናነሣው፥ የዛሬዎቹ ጽሑፎች አብዛኛዎቹ 1957 ብለው በአንድ መስመር ጠቅሰው ስለሚያልፉት፥ አሳቡ ከማግኔት ሊቅ ሳይሆን ከቀዳጅ ሐኪም ጠረጴዛ የተወለደ መሆኑ እየተረሳ ስለ መጣ ነው።

ብረቱ የሚሞቀው ለምንድር ነው? ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፥ በ1949፥ ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሉዊ ኔል መልሱን በሒሳብ አዘጋጅተውት ነበር። አንድ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣት እጅግ ሲያንስ በውስጡ ብዙ ማግኔቶች ሊኖሩት አይችሉም፤ እርሱ ራሱ አንድ ማግኔት ይሆናል። የዚህም ማግኔት አቅጣጫ በክፍሉ ሙቀት ብቻ ወዲያና ወዲህ ይገለባበጣል። የውጭው መስክ በፍጥነት ሲለዋወጥ ቅንጣቱ ሊከተለው ይሞክራል፤ ጥቂትም ይዘገያል፤ በዚህ መዘግየት የሚባክነው ጕልበት ሙቀት ሆኖ ይወጣል። መስኩ ሲጠፋ ደግሞ ቅንጣቶቹ ማግኔትነታቸውን ስለማይዙ እርስ በርሳቸው ተሳስበው አይጓጐሉም። ይህ ሁለተኛው ጠባይ ለሐኪም ከመጀመሪያው አያንስም፤ በደም ሥር ውስጥ የሚጓጐል ብረት መድኃኒት ሳይሆን መርዝ ነውና። ኔል ለማግኔት ጥናታቸው በ1970 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ብናኙን በፈሳሽ ውስጥ ሳይዘቅጥ ማቆየትም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ይህም የመጣው ካልታሰበበት ቦታ ነበር። በ1963 በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት በናሳ ይሠሩ የነበሩት ስቲቨን ፓፔል ክብደት በሌለበት ጠፈር የሮኬት ነዳጅ ወደ ሞተሩ እንዲሳብ ለማድረግ ሲያስቡ፥ ማግኔታይት በነዳጅና በሰባ አሲድ ውስጥ ለብዙ ቀን ፈጭተው በማግኔት የሚታዘዝ ፈሳሽ ሠሩ። ሮኬቱ በዚህ ነዳጅ አልበረረም፤ ፈሳሹ ግን ኋላ በሐኪሞች እጅ ገባ።

ነገር ግን ከ1957 እስከ 1990ዎቹ ዓመታት ሥራው ከእንስሳ አልፎ ወደ በሽተኛ አልጋ አልደረሰም። አንዱ ምክንያት የሰው አካል ራሱ የኤሌክትሪክ አስተላላፊ መሆኑ ነው። በብዙ ሺህ ጊዜ የሚለዋወጥ መስክ ውስጥ የገባ ሰው ብረት ባይኖርበትም ይሞቃል፤ አካሉም በሰፋ ቍጥር ሙቀቱ ይጨምራል። በ1984 አትኪንሰንና ብሬዞቪች ከባልደረባቸው ጋራ ሆነው በፈቃደኛ ሰዎች ደረት ዙሪያ 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የሽቦ ቀለበት አድርገው፥ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይቸገር የሚታገሠውን ልክ ወሰኑ። የመስኩ ብርታት በፍጥነቱ ተባዝቶ ከዚያ ልክ ማለፍ የለበትም። እንግዲህ ለውሻ የሚሆነው ሁሉ ለሰው አይሆንም ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብረቱን ወደ እባጩ ማድረስ ነው። በደም ሥር ቢወጋ ጕበትና ጣፊያ ለቅመው ይይዙታል። በ2016 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርስቲ ሊቃውንት ያለፉትን ዐሥር ዓመታት ጽሑፎች ሰብስበው ቢመረምሩ፥ በደም ሥር ከተወጋው የናኖሜትር ብናኝ ሁሉ ከእባጩ የሚደርሰው መካከለኛ ቍጥሩ ከመቶ 0.7 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከሺህ ሰባት ማለት ነው! ይህ ቍጥር በማግኔት ብናኞች ብቻ የተወሰነ ሳይሆን የሁሉም ዐይነት ነው፤ ሆኖም በየመጽሔቱ ስለ ብልህ ብናኝ የሚነገረውን ተስፋ ሁሉ ከዚህ ቍጥር ጋራ ማመዛዘን ይገባል እንላለን። የጕበትና የጣፊያ ለቀማ ግን በሌላ በኩል ጥቅም አለው፤ አካል ብረትን ፈጭቶ ወደ ደም መሥሪያነት ይለውጠዋልና። ስለዚህ ፌሩሞክሲቶል የተባለው የብረት ኦክሳይድ ብናኝ በ2009 በአሜሪካ የኵላሊት በሽተኞችን የደም ማነስ ለማከም ተፈቅዷል።

በርሊን ላይ አንድርያስ ዮርዳን የተባሉት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋራ በ1993 ባወጡት ጽሑፍ፥ ሰው በሚታገሠው መስክ ውስጥ የማግኔት ፈሳሽ ከትልልቆቹ ቅንጣቶች ይልቅ ብዙ ሙቀት እንደሚሰጥ አሳዩ። የማድረሱንም ችግር በቀጥታ መንገድ ፈቱት፤ ማለት በደም ሥር ሳይሆን መርፌውን በእባጩ ውስጥ በማስገባት። ብናኞቹ 12 ናኖሜትር ያህል ሆነው አሚኖሲሌን በሚባል ነገር ተሸፍነዋል፤ በአንድ ሚሊሊትር ፈሳሽም 112 ሚሊግራም ብረት አለ። የማሽኑ መስክ በሰከንድ 100 ሺህ ጊዜ ይለዋወጣል፤ ይህም ከጊልክሪስት መስክ በዐሥራ ሁለት እጅ የዘገየ ነው።

የመረጡት በሽታ ግሊዮብላስቶማ የሚባለውን የአንጐል ነቀርሳ ነው። ይህ በሽታ ከተቈረጠም በኋላ የሚመለስ፥ በተመለሰም ጊዜ ሐኪሙን ባዶ እጁን የሚያስቀር ክፉ በሽታ ነው። በ2007 የ14 በሽተኞች ሙከራ ታተመ፤ በ2011 ደግሞ ክላውስ ማየር ሐውፍና ባልደረቦቻቸው በሽታው የተመለሰባቸውን የ59 ሰዎች ውጤት አወጡ። በሽተኞቹ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት፥ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ በማሽኑ ውስጥ ተኝተዋል፤ ከዚህም ጋራ ጨረር ተሰጥቷቸዋል። በሽታው ከተመለሰ በኋላ የኖሩበት ዘመን መካከለኛው ቍጥር 13.4 ወር ሆነ። ከዚያ በፊት በሌላ ጥናት የታወቀው ቍጥር ግን 6.2 ወር ነበር።

ሰባት ወር ትርፍ ማለት ለአንድ ቤተ ሰብ ምን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልገንም። ነገር ግን እንደ ታሪክ ተማሪዎች ማስረጃውን መመዘን ግዴታችን ነው። የ59ኙ ሰዎች ውጤት የተነጻጸረው በዕጣ ከተለዩ ሌሎች በሽተኞች ጋራ ሳይሆን፥ በሌላ ጊዜ ከተጠኑ ሰዎች ጋራ ነው። ጨረሩም አብሮ ስላለ የሙቀቱ ድርሻ ይህን ያህል ነው ብሎ ለይቶ መናገር አይቻልም። ይሁንና የአውሮፓ ፈቃድ በ2010 ተሰጥቶ ነበር። በሽተኛውም የሚከፍለው ዋጋ ነበረው፤ በማሽኑ አጠገብ ብረት መኖር ስለሌለበት የጥርሱን የብረት ሙሌት ማስነቀል ነበረበት፤ አንጐሉ ውስጥ የቀረውም ብናኝ ኤም አር አይ የሚባለውን ፎቶግራፍ ስለሚያጠቁረው፥ ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ በሽታውን በዚህ መሣሪያ ሊከታተል አይችልም ነበር። በ2009 የሞቱ በሽተኞች አንጐል ተመርምሮ ብናኙ ከተወጋበት ስፍራ ብዙም ሳይርቅ ተጠራቅሞ ተገኝቷል፤ ይህ ጥሩ ዜና ሲሆን፥ ክፉውም ዜና እርሱ ነው፤ ብረቱ ያልደረሰበት የነቀርሳ ጫፍ አልሞቀም ማለት ነውና። ማሽኑንና ፈሳሹን ይሸጥ የነበረው ማግፎርስ የተባለው የበርሊን ኩባንያ በ2022 ኪሳራ አስታወቀ።

አሁን ወደ አጥንት እንለፍ። ይህ ክፍል ሌላ መነሻ አለው። በ1967 ላሪ ሄንች የተባሉት የፍሎሪዳ ዩኒቨርስቲ የሴራሚክ ሊቅ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ወደ ተደረገ ጉባኤ በአውቶቡስ ሲሄዱ፥ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ አንድ ኮሎኔል አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። ሄንች ጨረርን ስለሚቋቋሙ ቁሶች ሲያጫውቷቸው፥ ኮሎኔሉ የሰው አካል የሚቀበለው ቁስ መሥራት ይቻላችኋል ወይ ብለው ጠየቁ፤ አካል የሚገባበትን ብረትና ፕላስቲክ ስለማይቀበል የብዙ ወታደር እጅና እግር ይቈረጥ ነበርና። ሄንች በ1969 ከመቶ 45 እጅ ሲሊካ፥ የቀረው ሶዲየም፥ ካልሲየምና ፎስፈረስ ያለበት ብርጭቆ ሠሩ። በአይጥ አጥንት ውስጥ ለስድስት ሳምንት ከቆየ በኋላ ሊነቅሉት ቢሞክሩ ከአጥንቱ ጋራ ተዋሕዶ አልነቀልም አለ።

በጃፓን በኪዮቶ ኮኩቦና ያማሙሮ በ1982 ከዚህ ይልቅ የጠነከረ የብርጭቆ ሴራሚክ ሠሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዚያው የኪዮቶ ሊቃውንት ማግኔታይት ጨመሩበት፤ በ1993 ባወጡት ጽሑፍም በጥንቸል የእግር አጥንት ውስጥ የተተከለ ነቀርሳ በዚህ ሴራሚክ አማካይነት ሲሞቅ መጐዳቱን አሳዩ። አሳቡ ግልጽ ነው፤ ነቀርሳ የበላውን አጥንት ጠርገው ሲያወጡ የሚቀረውን ጕድጓድ የሚሞላው ነገር ራሱ የቀሩትን የነቀርሳ ሴሎች ያቃጥል፥ ከዚያም በቦታው ሆኖ አጥንቱን ይደግፍ። በ2007 የሚዬ ዩኒቨርስቲ ሐኪሞች ይህንኑ በሰው ላይ ፈጸሙት። ነቀርሳቸው ወደ አጥንት በተዛመተባቸው 15 በሽተኞች ላይ፥ የማግኔታይት ዱቄት በካልሲየም ፎስፌት ሲሚንቶ እየለወሱ በመሙላት ወይም በአጥንቱ ውስጥ በተተከለው የብረት ዘንግ እየተጠቀሙ አሞቁ። ውጤታቸውም ቀዶ ሕክምና ብቻ ከተደረገላቸው ሰዎች የተሻለ፥ ጨረር ከተጨመረላቸው ግን የማይበልጥ ሆነ። ይህን ሳያሳምሩ መጻፋቸውን እናደንቃለን።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ፤ ጽሑፎቹ ሁለቱን ጥቅሞች ጐን ለጐን ሲዘረዝሩ ይህን አይተው የሚያልፉ ይመስለናል። በ1983 በስዊድን በዮተቦርግ ኤሪክሰንና አልብሬክትሰን በጥንቸል አጥንት ላይ ባደረጉት ጥናት፥ 47 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ደቂቃ ብቻ ያገኘው አጥንት እንደገና የመብቀል ኃይሉ እንደሚጐዳ አረጋግጠዋል። የነቀርሳ ሴል ለመግደል ቢያንስ 43 ዲግሪ ለረዥም ጊዜ ያስፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አራት ዲግሪ ነው። ብናኙ በሲሚንቶው ውስጥ እኩል ካልተበተነ አንዱ ወገን ሳይሞቅ ሌላው ወገን ይቃጠላል፤ በአጠገቡ የሚያልፈው ደምም ሙቀቱን እየወሰደ ሒሳቡን ያዛባዋል።

ስለዚህ አንዳንዶች ሙቀቱን ትተው ማግኔቱን ብቻ ለአጥንት ጥገና ይፈልጉት ጀመር። በኢጣልያ አገር በፋየንሳ ከተማ ያለው የሴራሚክ ምርምር ተቋም በዚህ የታወቀ ነው፤ ከተማይቱ በሸክላ ሥራዋ ከጥንት ዝነኛ ስለ ሆነች ለፈረንሳዮቹ የሸክላ ዕቃ መጠሪያ ስሟን ያወረሰች ናት። በ2010 ከዚያ የወጣ ሥራ፥ ከአጥንት ማዕድንና ከኮላጅን የተሠራ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ርብራብ በማግኔት ፈሳሽ ነክሮ ማግኔታዊ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። ግንበኛ በርብራብ ላይ ቆሞ እንደሚሠራ የአጥንት ሴሎችም በዚህ ላይ ተንጠላጥለው አጥንት ይሠራሉ፤ የሚያስፈልጋቸውንም የእድገት መድኃኒት በብናኝ ላይ ጭኖ በኋላ ጊዜ ቢወጉት፥ ርብራቡ በማግኔትነቱ ወደ ራሱ ይስበዋል ተብሎ ይታሰባል። በ2012 ደግሞ አና ታምፒዬሪና ባልደረቦቻቸው ማግኔታይት ሳይጨምሩ የአጥንቱን ማዕድን ራሱን ብረት አስገብተው ማግኔታዊ አደረጉት።

ሙቀቱንም ያልተዉት ሌላ መንገድ ይዘዋል። ፒዬር ኩሪ በ1895 ባቀረቡት ጥናት እያንዳንዱ ማግኔታዊ ቁስ በተወሰነ ሙቀት ላይ ማግኔትነቱን እንደሚያጣ አሳይተዋል። እንግዲህ በ45 ዲግሪ ግድም ማግኔትነቱ የሚጠፋ ብናኝ ቢገኝ፥ መስኩ ምንም ያህል ቢቆይ ከዚያ በላይ ሊሞቅ አይችልም፤ የራሱ ጠባቂ ራሱ ይሆናል። ማግኔታይት ግን ማግኔትነቱን የሚያጣው በ585 ዲግሪ ግድም ነው። ያን ወደ 45 ለማውረድ እንደ ዚንክ፥ ማንጋኒዝና ኒኬል ያሉትን ማዕድናት መደባለቅ ያስፈልጋል፤ ለኒኬል ደግሞ አካል ለብረት እንዳለው ዐይነት ማከማቻ የለውም።